የአምብሮዝ ቢጫ ባርኔጣ

ኒውዮርክ፣ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1920 እ.ኤ.አ.

ይድረስ ለእትዬ ሄስተር፤

እንደምን ሰነበትሽ? አባባስ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው ይህንኑ ስለሆነ ላንቺም ይህንኑ ጻፍኩ፤ ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

አምብሮዝ ትናንት በባቡር ተነስቷል። ወንድማችንን ብቻውን ስለላክሁት ይቅርታ አድርጊልኝ። አለቃዬ ከልክሎኝ ቢሆን ለመናገር ይቀለኝ ነበር። አልከለከለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ከዚያ ከምሠራበት መስኮት ላይ ከተነሳሁ የት እንደምቀመጥ ስላላወቅኩ ነው የቀረሁት። አንድ ነገር ልለምንሽ፦ የሬሳ ሳጥኑን አታስከፍቺ። አባባ ቢቆጡም፣ ፓስተሩ ቢለምኑሽም አታስከፍቺ።

አባባ በቴሌግራም የጠየቁትን አነበብኩት። ልጅዎ ሞተ ለተባለ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ መሆኑ፣ ሌላ አባት ቢሆን ይገርመኝ ነበር። ንገሪያቸው፦ አዎ፣ የአክሲዮን ገበያው በማግስቱ ተከፍቷል። ፈንጂው የፈነዳው ሐሙስ ቀትር ላይ ነው፤ ዓርብ ጠዋት በተለመደው ሰዓት ሁላችንም ቦታችን ላይ ነበርን። የተሰባበረውን መስታወት በጋሪ አውጥተው፣ ድንጋዩን በውሃ አጥበው ጠበቁን። ዎል ስትሪት እንደ ታጠበ ሳህን ንጹህ ነበር። ፈንጂውን የያዘው የፈረስ ጋሪ የማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም፤ የሚያሳውቀው ነገርም ከጥራጊው ጋር ሳይሄድ አይቀርም ይላሉ። ከጥጉ ባለው ባንክ ግድግዳ ላይ ግን ጡጫ የሚያስገባ ጉድጓድ ቀርቷል፤ እሱን በውሃ ማጠብ አልተቻለም።

ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶ የአገሩን መዝሙር ዘመረ። እኔ ስልክ ይዤ ስለነበር አልዘመርኩም።

ሌላም ነገር ጠይቀሽኛል። እሱን ዛሬ አልመልስልሽም።

ወንድምሽ ኦሪን

ኦግደንስበርግ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1920

ለወንድሜ ለኦሪን፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ሳጥኑ ሳይከፈት ከእማማ ጎን ቀብረነዋል። ሰው ብዙ ነበር፤ ምግቡም ተርፏል። ወይዘሮ ፔይን ይዘው የመጡትን የፖም ኬክ እስካሁን እየበላን ነው። አላለቀሰችም ብለው ሲያሙኝ ሰማሁ። ያሙኝ፣ እውነታቸውን ነው።

ስላለመምጣትህ እኔ ተቀይሜህ አልነበረም፤ አሁን ግን አለመምጣትህ አስቸግሮኛል፤ ምክንያቱን ልንገርህ። ከቀብር ስንመለስ አባባ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና፣ "የማን ቀብር ነበር?" አሉ። መርሳት ጀመሩ ብዬ ደነገጥኩ።

"የአምብሮዝ ነዋ አባባ" አልኩ።

"ባርኔጣውስ?"

"ምን ባርኔጣ?"

"ቢጫው ነዋ! ባርኔጣው ካልመጣ አምብሮዝ አይደለም።"

ፓስተሩ ግራ ገብቷቸው ዞር ዞር ሲሉ አባባ ያስረዷቸው ጀመር። "ይስሙኝ፣ ፓስተር። እኔም የሠራሁበት ነው፤ እዚያ መንገድ ላይ ሦስትና አራት መቶ ደላላ ቆሞ ይጮሃል። ጸሐፊዎቹ ከላይ ከመስኮት ሆነው ትእዛዙን በጣት ምልክት ነው የሚያወርዱላቸው። ከላይ ሲያዩት ሁሉም ጭንቅላት አንድ ነው፣ ልክ እንደ ጎመን ማሳ። ስለዚህ እያንዳንዱ የራሱን ባርኔጣ ያደርጋል፤ ቀይ ያደርጋል፣ ባለ ነጠብጣብ ያደርጋል። የኔ ልጅ ቢጫ ነው። እዚያ ሄጄ የኦሪን ወንበር ላይ ተቀምጬ ባንድ ጊዜ ነው የለየሁት። አሁን ባርኔጣ የሌለው የተዘጋ ሳጥን አምጥተው ልጅህ ነው ይሉኛል?"

ድንጋይ ጠራቢው ሚስተር ሎው በማግስቱ ስሙን የመቃብሩ ድንጋይ ላይ ሊቀርጽ መጥቶ ነበር። አባባ በር ላይ ቆመው መለሱት። ድንጋዩ የሳቸው ነው፤ ያለሳቸው ቃል ማንም መዶሻ አያሳርፍበትም። ስለዚህ አምብሮዝ ስም በሌለው ቦታ ተኝቷል። ይህ ለኔ ቀላል አይደለም። ባርኔጣውን ላክልኝ።

የአባባ የሳል ከረሜላም ሊያልቅ ነው፤ ከዚያው ከለመዱት ሰውዬ ግዛና አብረህ ላከው።

እህትህ ሄስተር

ኒውዮርክ፣ ኦክቶበር 24 ቀን 1920

ይድረስ ለእትዬ ሄስተር፤

እንደምን ነሽ? ብርዱ ጀመራችሁ? እዚህ ሰማዩ ደህና ነው፤ ነፋሱ ከባሕር በኩል ይመጣል፤ ደላሎቹ ጋዜጣ በኮታቸው ውስጥ መደረብ ጀምረዋል።

ባርኔጣው በእጄ የለም። ሉሺየስ ፌን የሚባል ሰው አድርጎታል። ክፉ ሰው አይደለም። ባርኔጣው የድርጅቱ ነው፤ ደላላ ሲለወጥ ባርኔጣው ለተተኪው ያልፋል፣ ምክንያቱም የጸሐፊው ዓይን የለመደው ባርኔጣውን ነው። አለቃችን በፍንዳታው ማግስት፣ ዓርብ ጠዋት ለፌን ሲሰጠው እዚያው ቆሜ ነበር።

በመስኮት ወደ ታች ስመለከት ቢጫው ባርኔጣ እንደ ወትሮው ከመብራቱ ምሰሶ አጠገብ ቆሟል። ትእዛዝ አወርዳለሁ፣ ወደላይ ቀና ብሎ ይቀበለኛል። ከላይ ሲታይ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። አንድ ቀን ታዲያ ግራ ጆሮዬን ነካሁ። ይህ ምልክት የገበያው አይደለም፤ እኔና አምብሮዝ "በላህ ወይ?" የምንባባልበት ነበር። ፌን ደግሞ ትእዛዙ የተደገመለት መስሎት መቶ አክሲዮን እንደገና ሸጠ። አለቃችን ሰምቶ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከረሜላ ሻጩ ጥጉን ለቋል። ካናል መንገድ ላይ ሌላ አይነት አግኝቼ ልኬያለሁ።

አባባን ሳሚልኝ። ዝናብ የሚመጣ ይመስላል።

ኦሪን

ኦግደንስበርግ፣ ጃንዋሪ 16 ቀን 1921

ለወንድሜ ለኦሪን፤

የገና ስጦታህ ደርሶናል፤ ጓንቱ ልኬ ነው። ወንዙ በረዶ ሆኗል፤ ሰዉ በእግሩ ወደ ካናዳ እየተሻገረ ነው።

ከረሜላውን አባባ ቀምሰው ተፉት። "ይሄ ሳሙና ነው" አሉ። ሳሉ ብሶባቸዋል። ቀኑን ሙሉ መንገዱን የሚያሳየው መስኮት ሥር ይቀመጣሉ። ማንን እንደሚጠብቁ አልጠይቃቸውም፤ እሳቸውም አይነግሩኝም።

ሚስተር ሎው እንደገና መጥቶ ነበር። ጥሩ ሰው ነው፤ ነገሩን በወግ ለማለዘብ ብሎ፣ "ሚስተር ክላፕ፣ ይህ ዎል ስትሪት የሚሉት ግን እንዴት ያለ ቦታ ነው?" አላቸው። አባባን ታውቃቸዋለህ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲያገኙ ሳላቸውም ይተዋቸዋል።

"ስሙን ያገኘው ከአጥር ነው" አሉ። "ሆላንዶች ናቸው ያጠሩት፣ ያውም በባሮች ጉልበት። ጠላት በየብስ ይመጣል ብለው ነው። ጠላት በመርከብ መጣና በሌላ በኩል ገባ። አጥሩ ፈረሰ፣ ስሙ ቀረ። ኋላ ከታች ወንዙ ዳር ሰው የሚሸጥበት ገበያ አቆሙ። ከዚያ ደግሞ ደላሎች ሾላ የሚያህል ዛፍ ሥር ቆመው ወረቀት መሸጥ ጀመሩ። ዛፉን ማዕበል ሲጥለው እኔ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ቁራጩ ይኸውና፣ ከምድጃው በላይ አለ።"

"የዚያ ዛፍ ቁራጭ አለኝ የሚለው ሰው ሁሉ ቢያዋጣ ደን ይወጣዋል ይባላል" አለ ሚስተር ሎው።

"የኔው እውነተኛው ነው። ደግሞ ልንገርህ፣ ዛፉ የወደቀ ቀን ገበያው ተከፍቶ ነበር። ባንኮች የከሰሩ ጊዜም ተከፍቶ ነበር። በረዶ ሰው የቀበረ ጊዜም ተከፍቶ ነበር።"

"ልጅዎ የሞተ ማግስትም ተከፍቶ ነበር አሉኝ" አለ ሎው፣ ክፉ አስቦ አይደለም።

አባባ የዛፉን ቁራጭ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ፣ "ባርኔጣውን ሳይ እንነጋገራለን" ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ኦሪን፣ አሁን ከልቤ ልጠይቅህ። ፌን የሚባለው ሰው ሌላ ቢጫ ባርኔጣ መግዛት የማይችል ነው? ልጅ ሆነህ ስትዋሽ ስለ አየር ሁኔታ ታወራ ነበር። ከኦክቶበር ወዲህ የላክሃቸውን ደብዳቤዎች መልሼ አነበብኳቸው፤ ነፋስና ዝናብ ብቻ ናቸው። የምትደብቀኝ ምንድነው? በሴፕቴምበር የጠየቅኩህንም እስካሁን አልመለስክልኝም።

ሄስተር

ኒውዮርክ፣ ማርች 6 ቀን 1921

ይድረስ ለእትዬ ሄስተር፤

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ጀምሬ የተውኳቸው ወረቀቶች አሉ። ይህን ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው፤ አባባ ፊት እንዳታነቢው።

አዎ፣ ፌን ሌላ ባርኔጣ መግዛት ይችላል። አለቃችንንም ብጠይቀው እምቢ አይለኝም። ባርኔጣውን ያልላክሁት እንከን ስለሌለው ነው። ጭረት እንኳ የለበትም።

የመንገዱን ደንብ አባባ ከኛ በላይ ያውቁታል። ደላላ ምሳ ሲወጣ ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ካለው ምስማር ይሰቅላል። ባርኔጣ የሌለው ሰው ገበያ ላይ የለም፤ ማንም ምልክት አይሰጠውም፣ ጊዜው የራሱ ነው። አባባ ባርኔጣውን በእጃቸው ቢያገላብጡት፣ አምብሮዝ ሲሞት አውልቆት እንደነበረ ወዲያው ይገባቸዋል። የኛ ደላሎች የሚቆሙት ብሮድ ስትሪት ላይ እንጂ እላይ ዎል ስትሪት ጥግ ላይ አይደለም። ልጃቸው ባርኔጣውን አውልቆ እስከዚያ ጥግ ድረስ ምን ሊያደርግ እንደሚሄድ ደግሞ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ከረሜላ ሻጩ የሚቆመው እዚያ ነበር። ያሳዩንም እሳቸው ናቸው፣ ልጆች ሆነን።

ከሬሳ ቤት የሰጡኝ ሰዓቱንና አንድ ቆርቆሮ የሳል ከረሜላ ነው። ቆርቆሮው አልተከፈተም። ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለ። ልልከው ፈራሁ፣ ልጥለውም አልቻልኩም።

አሁን ሌላኛውን ጥያቄሽን ልመልስ። አየኸው ወይ ነበር ያልሽኝ። አየሁት። ቀትር ሊሆን ሲል ወደ ታች ስመለከት አንድ ባዶ ራሱን የሆነ ሰውዬ በሕዝቡ መሃል እየተጋፋ ወደ ላይ ሲሄድ አየሁ። አናቱ ሳስቷል። "ይሄ ሽማግሌ ደግሞ ማነው?" አልኩ በሆዴ። እትዬ፣ አምብሮዝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከላይ ሆኜ ሳየው የማውቀው ባርኔጣውን ነው፤ ጭንቅላቱን አላውቀውም። ፀጉሩ መሳሳቱን እንኳ አላየሁም ነበር። ከዚያ ስልኩ ጠራና ዞርኩ።

ማልቀስ ነበረብኝ፤ አልመጣልኝም። በየቀኑ እዚያው እቀመጣለሁ፤ ባርኔጣውን አያለሁ፤ አንዳንዴ ደስ ይለኛል። ይህንን ላንቺ ብቻ ነው የምናገረው።

እንግዲህ አንቺ ፍረጂ። ላክ ካልሽኝ እልካለሁ።

ኦሪን

ኦግደንስበርግ፣ ኤፕሪል 10 ቀን 1921

ኦሪንዬ፤

ደብዳቤህን ጎተራው ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ገብቼ ድንች ላጥኩ።

የአባባን ደብዳቤዎች የምጽፈው እኔ እንደሆንኩ ታውቃለህ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ኦገስት ላይ ለአምብሮዝ በጻፍነው ግርጌ፣ "ከረሜላዬን አደራ" ያሉትን የጻፍኩት በዚህ እጄ ነው። ስጽፈው ደግሞ ሥሩን አሰመርኩበት፣ እንዳይረሳ ብዬ። አንተም ይህን እያወቅክ ነው እስካሁን ያልነገርከኝ። ስለ እኔም እንደሆነ ገብቶኛል። አመሰግንሃለሁ፤ ወይም ላመሰግንህ የሚገባኝ ይመስለኛል። ምን እንደሚሰማኝ አላውቅም።

ሐኪሙ አባባ ሌላ ክረምት አያዩም ብሏል። እኔ ስለ ከረሜላው እንዲያውቁ አልፈልግም፤ ይዘውት እንዲሞቱ አልፈልግም። ግን ደግሞ እሳቸው ሳይፈቅዱ ከሞቱ፣ ወንድማችን ስም አልባ ሆኖ ይቀራል፤ እኔ ከሳቸው ሞት በኋላ በተንኮል አስቀረጽኩት ብዬ መኖር አልችልም። ልጃቸው እንደሞተ አውቀው፣ ስሙን ራሳቸው አስጽፈው ነው መሄድ ያለባቸው።

ስለዚህ እንዲህ አስቤያለሁ፤ ሳትቆጣ ስማኝ። ባርኔጣው እንከን የለውም ብለሃል። እንከን አብጅለት። በሥራው ላይ ሳለ፣ ባርኔጣውን እንዳደረገ የሞተ ይምሰል። ቅደደው፣ ኦሪን።

ሄስተር

ኒውዮርክ፣ ጁን 28 ቀን 1921

ይድረስ ለእትዬ ሄስተር፤

እንደምን ከርመሻል? ሁለት ወር ዝም ማለቴን ይቅር በዪኝ። ለመቅደድ ያሰብኩባቸው ቀኖች ነበሩ፤ ሁልጊዜ ግን ፌን ራስ ላይ ነበር፤ እኔም ከራሱ ላይ ባይወርድ እመርጥ ነበር።

አሁን ወረደ። ትናንት ገበያው መንገዱን ለቀቀ። ከምዕራብ በኩል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አዳራሽ ሠርተውልናል። ሁሉም ደላላ ተሰልፎ እየዘፈነ ሄደ፤ መንገድ ዳር ያለው ሰው ያጨበጭባል። አዳራሹ ውስጥ የመንገድ መብራት የሚመስል ምሰሶ ተክለዋል፣ ደላሎቹ እንዳይደናገሩ ነው መሰለኝ። ዝናብ አይመታም። ባርኔጣም አያስፈልግም፤ እዚያ ጣሪያ ሥር ማን ማን እንደሆነ ሌላ ዘዴ አበጅተዋል። ለአባባ ንገሪያቸው፣ ብሮድ ስትሪት ዛሬ ዝም ብሏል፤ እርግቦች ወርደውበታል።

ፌን ሳልጠይቀው መጣ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞታል።

"ያንተ ነው" አለኝ።

"የድርጅቱ ነው" አልኩት።

"ተወኝ እባክህ። ይሄን ሁሉ ጊዜ የምታየው እኔን እንዳልሆነ የማላውቅ ይመስልሃል?" አለና ሳቀ። ከዚያ ደግሞ፣ "ያን ጊዜ ጆሮህን የነካኸው ምን ልትለኝ ነበር?" አለኝ።

"በላህ ወይ ማለት ነው።"

ትንሽ አሰበ። "አልበላሁም ነበር" አለ።

ከዚያ ብቻዬን ወደ ዎል ስትሪት ጥግ ሄድኩ። የባንኩ ግድግዳ ላይ ያሉትን ጉድጓዶች አልደፈኗቸውም፤ አንደፍናቸውም ብለዋል አሉ። በመቀስ ብቀደው አባባ ያውቃሉ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ባርኔጣውን ከአንዱ ጉድጓድ አፍ ላይ አድርጌ በድንጋዩ ስለት ፈተግኩት። ቆዳው ጠንካራ ነው፤ ቶሎ አይበሳም። ሰዎች እያዩኝ ያልፋሉ፤ ማንም ምን ታደርጋለህ አላለኝም። በመጨረሻ ሲበሳ እጄም አብሮ ተላጠ። ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ለእጄ ይሁን ለሌላ ነገር አላውቅም። ከዚያ ከመሬቱ ላይ አቧራ አንስቼ ቀባሁት፤ ታጥቦ የጸዳ መንገድ ስለሆነ አቧራ ለማግኘት ራሱ ፈለግ ፈለግ ማድረግ ነበረብኝ።

ዛሬ በፖስታ ልኬዋለሁ። በሥራው ላይ ነበር በያቸው።

ኦሪን

ኦግደንስበርግ፣ ጁላይ 17 ቀን 1921

ኦሪንዬ፤

እንዴት ነህ? እጅህ ዳነ? ባርኔጣው ደርሷል።

አባባ ጭናቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። ጣታቸውን በቀዳዳው አስገብተው በወዲያ በኩል አወጡት። አሸተቱት። ውስጡን ገልብጠው አዩ፤ ውስጡ እንዳለ ንጹህ ነው። እኔ ያስጠናኸኝን አልኩ፤ "በሥራው ላይ ነበር አባባ፣ ባርኔጣውን እንዳደረገ" አልኩ።

"ኦሪን ነው የላከው?" አሉ።

"አዎ።"

"ኦሪን ጥሩ ልጅ ነው" አሉ። ስለ አንተ እንዲህ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

ገበያው አዳራሽ ገባ ያልከውን ነገርኳቸው። ከዚያ ሚስተር ሎውን እንድጠራው ላኩኝ። ስሙን ሲቀርጽ ከጋሪው ሳይወርዱ ተቀምጠው አዩት። አምብሮዝ ክላፕ ይላል፣ ከእማማ በታች። ፊደሉ ያምራል። ስትመጣ ታየዋለህ፤ እንድትመጣ እፈልጋለሁ። ናፍቀኸኛል።

ባርኔጣው አሁን በሩ ላይ ካለው ምስማር ተሰቅሏል። እዚያ የሰቀሉት እሳቸው ናቸው። እኔ ከሳጥን ውስጥ ላስቀምጠው ስል ተቀበሉኝና በገዛ እጃቸው ሰቀሉት፤ ቀጥ እስኪል ቆመው ካስተካከሉት በኋላ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ትናንት ደግሞ ለኒውዮርክ እጽፋለሁ፣ የሚታዘዝ ነገር አለ ወይ ስላቸው፣ "ከረሜላ ከእንግዲህ እንዳታዝዢ። ሳሉ ለቆኛል" አሉኝ።

ይህን የነገሩኝ እየሳሉ ነው።

እህትህ ሄስተር